ወደ ሌድቪል፦ የውድድር ዓመቴ ትልቁ ሳምንት

ሌድቪል በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በሮኪ ተራሮች መሐል ያለች ትንሽ የማዕድን ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ሌድቪል ትሬይል 100 የሚባል የማውንቴን ባይክ (የተራራ ሳይክል) ውድድር ይካሄድባታል። ርቀቱ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የሚያልቀውም በአንድ ቀን ነው። ዳገቱ ሁሉ ሲደመር ወደ 3,600 ሜትር ይጠጋል።

እኔ ፕሮፌሽናል አይደለሁም። ሥራ አለኝ፣ ቤተሰብ አለኝ። ሳይክል የምነዳው ጎሕ ሳይቀድና ቅዳሜና እሁድ ነው። ይህ ውድድር ግን ለእኛ ለአማተሮች ትልቅ ቦታ አለው። ከፊት ያሉት ባለሙያዎች በስድስት ሰዓት አካባቢ ይጨርሱታል። ኪገን ስዌንሰን እ.ኤ.አ. በ2023 በ5 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ገብቷል። ከኋላ ያለነው ብዙዎቻችን ግን የምንፎካከረው ከ12 ሰዓት ጋር ነው። ከ12 ሰዓት በታች የገባ ሰው የቀበቶ ዘለበት ይሸለማል። ከ9 ሰዓት በታች የገባ ደግሞ ትልቁን ዘለበት ይወስዳል። ማዕድን ቆፋሪዎች ለኖሩባት ከተማ የሚመጥን ሽልማት ነው።

ብዙው ሰው የሚገባው በዕጣ ነው። ዕጣው ሲወጣልኝ የዓመቱ ፕላኔ በሙሉ ተቀየረ።

ልምምዱን የጀመርኩት በረዶ መንገዱን ሸፍኖ ሳለ ነው። ሳይክሉን ቤት ውስጥ ማሽን ላይ አስሬ እነዳለሁ። ለሚያይ ሰው አሰልቺ ነው። አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው ወሬ ሳይቆራረጥ ማውራት በሚቻልበት ፍጥነት ነው። በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ ትንፋሽ እስኪያጥር ይገፋል። በዝግታ ረጅም ሰዓት የሚነዳ ሰው ሰውነቱ ስብ እያቃጠለ መሄድን ይለምዳል። ለጡንቻው ደም የሚያደርሱት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይበዛሉ። ሁልጊዜ በኃይል የሚነዳ ሰው ግን ሁልጊዜ እንደደከመው ነው። መበርታት ባለበት ቀን የሚያወጣው ጉልበት አይኖረውም።

ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲለቅ ከዴንቨር በስተምዕራብ ወዳሉት ኮረብታዎች ወጣሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት፣ እየቆየ ሰባት ሰዓት እነዳ ነበር። ግንቦትና ሰኔ ላይ አጫጭር ውድድሮች ገባሁ። እዚያ የፈለግኩት ደረጃ አልነበረም። በሰው መሐል መንዳትን፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳያበዙ መውረድን፣ እየነዱ መብላትን ለመልመድ ነው። በተለይ መብላቱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ለረጅም ውድድር በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ይመከራል። ያልለመደ ሆድ ይህን አይቀበልም፤ እግር እንደሚሠለጥን ጨጓራም መሠልጠን አለበት። እኔ 70 ግራም ላይ ረጋሁ። ከዚያ በላይ ስሞክር ሆዴ ይረበሻል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያሳሰበኝ አየሩ ነው። የኦክስጅን ድርሻ ባሕር ዳርቻም ተራራ ጫፍም ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚለየው ግፊቱ ነው። ሌድቪል ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። የውድድሩ ከፍተኛ ቦታ 3,800 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሲሆን፣ እዚያ ከሁለት ሦስተኛ በታች ይወርዳል። አንዴ ከአቅም በላይ ተገፍቶ የደከመ እግር እዚያ ላይ ቶሎ አያገግምም። ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ጉልበት በመጀመሪያው ዳገት ላይ አለማውጣት ያን ቀን ትልቁ ጥበብ ነው። ይህን ሳምንት የኖርኩት በዚህ ሐሳብ ነው።

ረቡዕ

ከዴንቨር ጠዋት ተነሳን። ባለቤቴ ይነዳል፣ ታናሽ ወንድሜ ከኋላ ከጎማዎቹ ጋር ተጣቦ ተቀምጧል። ሳይክሉ ጣሪያ ላይ ነው። ሁለቱ በውድድሩ ቀን ረዳቶቼ ናቸው። ያለ ረዳት መወዳደር ይቻላል፤ ግን ቤተሰብ መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ ልብ የሚያገኘው ብርታት ሌላ ነው።

ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት። መንገዱ ወዲያው መውጣት ይጀምራል። አይዘንሃወር የሚባለው ዋሻ ውስጥ ስንገባ 3,400 ሜትር ደርሰናል። ጆሮዬ ተደፈነ። ኮፐር ማውንቴን ጋ ከአውራ ጎዳናው ወጥተን ወደ ደቡብ ታጠፍን። ከዚያ ፍሪሞንት ፓስ ነው፤ 3,450 ሜትር ገደማ። እዚያ አናት ላይ ክላይማክስ የተባለው የሞሊብዲነም (ብረት ለማጠንከር የሚያገለግል ማዕድን) ማውጫ አለ። ተራራው ግማሽ ጎኑ ተቆርጦ ይታያል።

ባለቤቴን መኪናውን እንዲያቆም ጠየቅኩት። ይህ ውድድር የተወለደው ከዚህ ተራራ ነው ማለት ይቻላል። ክላይማክስ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲዘጋ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። ከተማዋ ባዶ ልትቀር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1983 ኬን ችሎበር የተባለ ማዕድን ቆፋሪና ሜሪሊ ሞፒን የተባለች ሴት የ100 ማይል ሩጫ ጀመሩ። ሰው ሩጫውን ብሎ ቢመጣ ያድራል፣ ይበላል፣ ገንዘቡን ከተማዋ ውስጥ ያጠፋል ብለው ነው። የሳይክሉ ውድድር በ1994 ተከተለ። ዛሬ ነሐሴ ላይ ሌድቪል ውስጥ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። ማዕድን ማውጫውም በ2012 እንደገና ሥራ ጀምሯል። ሥራ ያጡ ሰዎች አገራቸውን ጥለው ላለመሄድ ያመጡት ሐሳብ ስለሆነ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ።

ከሰዓት ገባን። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። ራሴን ትንሽ ያዘኝ። ውሃ ጠጣሁ፣ ተኛሁ። ሌሊቱን ግን ደጋግሜ ነቃሁ። ከፍታ ላይ በእንቅልፍ መሐል ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው። ስለማውቀው አልደነገጥኩም።

ሐሙስ

ዛሬ አንድ ሰዓት ብቻ ነዳሁ። ወደ ተርኩዊዝ ሐይቅ በዝግታ ሄድኩ። በስተምዕራብ ማውንት ኤልበርትና ማውንት ማሲቭ ጎን ለጎን ቆመዋል። ኤልበርት 4,401 ሜትር ነው፤ የኮሎራዶ ከፍተኛው ተራራ። ጫፉ ላይ ከክረምቱ የተረፈ በረዶ ክር ክር ሆኖ ይታያል።

ቀደም ብሎ ለመምጣት ሥራዬ አልፈቀደልኝም። ቀይ የደም ሴል ለመብዛት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ሁለት ሦስት ቀን ለደም ምንም አይጨምርም። ዴንቨር አካባቢ መኖሬ ግን ከባሕር ዳርቻ ከሚመጡት ይሻለኛል። ስለዚህ እነዚህ ቀናት ለልምምድ አይደሉም። እግር እንዳይተሳሰር ማንቀሳቀስ፣ መብላት፣ መተኛት። ሌሎች ብስክሌተኞች በኃይል እየገፉ አለፉኝ። ተዋቸው አልኩ ለራሴ።

ከሰዓት ሦስታችንም መኪና ይዘን ፓወርላይን ግርጌ ሄድን። የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍበት ሰፊ ጭረት ነው። በውድድሩ ቀን መሄጃውም መመለሻውም እዚሁ ነው፤ ጠዋት በቁልቁለት ይወረዳል፣ ከሰዓት በዳገት ይወጣል። ጎርፍ የቦረቦረው ቦይ መሐሉን ሰንጥቆታል። በእግራችን ትንሽ ወጣን። ወንድሜ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲያይ ቆየና፣ «እቴ፣ ይሄ እኮ በእግርም አይወጣም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ከባለሙያዎቹ በቀር ሁሉም ወርዶ ነው የሚገፋው። እኔ የፈለግኩት ቁልቁለቱን ማየት ነበር። ድንጋዩን፣ ቦዩን፣ የትኛው ጎን እንደሚሻል። መስመሬን መረጥኩ፦ ከላይ በግራ፣ ከመሐል በኋላ በቀኝ።

ዓርብ

የውድድር ቁጥሬን ተቀበልኩ። ስብሰባም አለ፤ ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከፍሎሪዳ ነው የመጣችው። በአገሯ ዳገት ስለሌለ የምትለማመደው ድልድይ ላይ እየተመላለሰች መሆኑን ነገረችኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው አከብራለሁ።

ቀሪው ቀን የሳይክሉ ነው። ወንድሜ ለእንዲህ ያለ ነገር እጅ አለው። ሰንሰለቱን አጠበ፣ ዘይት አደረገ፣ የፍሬኑን ሸራ አየ። ጎማዎቹ ካላማዳሪ የላቸውም። ውስጣቸው ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ነው ያለው። እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ቀዳዳው ላይ ይረጋና አየሩን ይይዛል። ለሁሉም ነገር አንድ ካላማዳሪ በትርፍ ይዣለሁ፣ ትንሽ ፖምፓም አለኝ። የኋላው ትልቁ ማርሽ 52 ጥርስ ነው፣ የፊቱ 30። ይህን ያህል ቀላል ማርሽ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው የውድድሩን ትልቅ ዳገት፣ ኮለምባይንን አላየም።

ባለቤቴ ምግቡን በሰዓት እየከፈለ በትናንሽ ከረጢት አሰረ። እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ቦታውን ጻፈበት። ማታ በ2 ሰዓት አልጋ ላይ ነበርን። እንቅልፍ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው።

ቅዳሜ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳሁ። ቁርስ በግድ በላሁ። ውጪው ይበርዳል፤ ትንፋሽ ጭስ ይሆናል። መነሻው ከተማዋ መሐል ሃሪሰን አቬኑ አጠገብ ነው። ከሺህ በላይ ሰው ተሰልፏል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጠመንጃ ተተኮሰና ተነሳን።

መጀመሪያው ቁልቁለት ነው። ሁሉም ይበራል። እጄ በብርድ ደንዝዞ ፍሬኑ አይሰማኝም ነበር። ከዚያ አስፋልቱ ያልቅና ሴንት ኬቨንስ የሚባለው ዳገት ይጀምራል። መንገዱ ጠባብ፣ ሰው ብዙ፣ ሁሉም ትኩስ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ቀኑን የሚያጣው። የልብ ምቴን ከ150 እንዳያልፍ ወስኜ ነው የመጣሁት። 148፣ 149። ግራና ቀኝ ሰው ያልፈኛል። ውስጤ ተከተያቸው ይለኛል። እኔ ግን ማርሽ ቀነስኩ። ክረምቱን በሙሉ በዝግታ የነዳሁት ለዚህች ሰዓት ነው።

ሐይቁን ዞረን ወደ ሹገርሎፍ ስንወጣ ፀሐይ ዛፎቹ መሐል ገባች። ብርዱ ለቀቀኝ። ከዚያ ፓወርላይን ቁልቁለቱ። ወገቤን ወደ ኋላ፣ ክርኔን ለቀቅ፣ ዓይኔን ሩቅ። ከላይ በግራ፣ ከመሐል በኋላ በቀኝ። አንድ ሰው ከፊቴ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ወደቀ። ቆሜ ጠየቅኩት፤ ደህና ነኝ አለ፣ ተነሳ። ቀጠልኩ።

ሜዳው ላይ ከአምስት ሰዎች ጋር ተጣመርን። ነፋስ ስለነበር ተራ በተራ ከፊት እየሆንን ሄድን። ከሰው ኋላ መንዳት ሜዳ ላይ ብዙ ጉልበት ያተርፋል። ማንም ማንንም አያውቅም፤ ግን ማንም ተራውን አልዘለለም።

ትዊን ሌክስ ግድብ 4 ሰዓት ላይ ደረስኩ። የረዳቶች ድንኳን መንገዱን በሁለት በኩል ሞልቶታል። ወንድሜ ከሩቅ በአማርኛ ሲጮህ ሰማሁት፤ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሐል የሱን ለየሁት። ባለቤቴ ጠርሙሶቹን ቀየረልኝ። «በላሽ?» አለኝ። በልቻለሁ። «በይ ሂጂ!» አለና ጀርባዬን ገፋ።

ኮለምባይን የቀኑ ትልቅ ተራራ ነው። ወደ 13 ኪሎ ሜትር ይወጣል፤ ከግድቡ እስከ አናቱ ከፍታው በ1,000 ሜትር ገደማ ይጨምራል። የታችኛው ክፍል ጥሩ የአፈር መንገድ ነው፣ በዛፍ ጥላ ውስጥ ይጠማዘዛል። መንገዱ መሄጃም መመለሻም ስለሆነ ፈጣኖቹ ከላይ እየበረሩ ይወርዳሉ። ቀኝ ጥግ ይዞ መውጣት ግዴታ ነው። ሲወርዱ ፊታቸው በአቧራ ተሸፍኖ፣ አንዳንዶቹ «በርቺ» እያሉ ያልፉኛል። በዚህ ውድድር ሬቤካ ረሽ ከ2009 እስከ 2012 በተከታታይ አራት ጊዜ ሴቶችን አሸንፋለች። ዴቭ ዊንስም ከ2003 እስከ 2008 ስድስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። እዚሁ ድንጋይ ላይ ነው የወጡት። እኔም አሁን እዚሁ ላይ ነኝ።

ዛፉ ሲያልቅ ነገሩ ይለወጣል። መንገዱ ያልተስተካከለ ድንጋይ ነው። አየሩ ለአንድ ትንፋሽ አይበቃም። ከፊቴ ረጅም የሰው ሰልፍ፣ ሁሉም ሳይክሉን እየገፋ። አንዱ ከወረደ ከኋላው ያለው መንገድ ስለሌለው ይወርዳል። እኔም ወረድኩና ገፋሁ። ዝም ብዬ እርምጃ ቆጠርኩ። ሃያ እርምጃ፣ አንድ ጉንጭ ውሃ። ሃያ እርምጃ። ማንም አያወራም። የጫማ ብረት ድንጋይ ላይ ሲፋቅ ብቻ ይሰማል። እዚህ ከፍታ ላይ ምግብ ያስጠላል፤ ያንን ስለማውቅ ከግማሽ መንገድ ጀምሮ ፈሳሹን ብቻ ነው የወሰድኩት።

አናቱ ላይ 6 ሰዓት ከሩብ ነበር። ግማሹ ርቀት አልቋል። በጎ ፈቃደኞች ትኩስ ሾርባ ይሰጣሉ። ጨው የበዛበት ነው፤ ቆሜ ጠጣሁት። ከምዕራብ ጥቁር ደመና እየመጣ ነበር። በነሐሴ ከሰዓት እነዚህ ተራሮች ላይ መብረቅ የተለመደ ነው፣ ዛፍ በሌለበት ቦታ ደግሞ አደገኛ ነው። ጃኬቴን ደርቤ ወረድኩ።

ትዊን ሌክስ ስመለስ ዝናብ ጀመረ። ብዙም አልቆየም። ከዚያ እስከ ፓወርላይን ግርጌ ያለው መንገድ ነፋስ ፊት ለፊት ነበር። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ አንገት ደፍቶ መንዳት ነው።

ፓወርላይን። ሐሙስ ዕለት ወንድሜ አንገቱን ያቀናበት ቦታ። አሁን እግሬ ላይ ስምንት ሰዓት ተኩል አለ። ወርጄ ገፋሁ። ጀርባዬ ተቃጠለ። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ከጎኔ ይገፋ ነበር። ሁለታችንም ሳንነጋገር እኩል ሄድን። እሱ ሲቆም እቆማለሁ፣ እሱ ሲነሳ እነሳለሁ። የሚገርመው ጠዋት ሴንት ኬቨንስ ላይ ያለፉኝ ሰዎች እዚህ ነበሩ። ቁጥራቸውን አስታውሳለሁ። አንዷ መንገድ ዳር ተቀምጣ እግሯን ትደባብሳለች፤ ጡንቻዋ ተኮማትሮ ነው። የተረፈኝን የጨው ክኒን ሰጠኋት። ዳገቱ ለዘብ ሲል ሳይክሉ ላይ ወጣሁ። ማርሹ ቀላሉ ላይ ነው፣ ግን እግሬ ይዞራል። ያኔ እንደምገባ አወቅኩ። ጠዋት ያላወጣሁት ጉልበት አሁን እጄ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የልብ ምቴን አላየሁም። ሹገርሎፍን ወረድኩ። ሐይቁ ዳር ያለውን የአስፋልት ዳገት ሳልወርድ ወጣሁ። ሴንት ኬቨንስን በቁልቁለት ወረድኩ። የመጨረሻው ቡልቫርድ የሚባለው የአፈር መንገድ ነው። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ አያልቅም። ከዚያ አስፋልት፣ ከዚያ ጉብታ፣ ከጉብታው ላይ ቀዩ ምንጣፍ ከሩቅ ይታያል። ሰው ሁሉ ይጮሃል። ወንድሜ ከጎኔ እየሮጠ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው መስመሩን አለፍኩ። 11 ሰዓት ከ22 ደቂቃ።

ባለቤቴ ሳይክሉን ያዘልኝ። መቆም አልቻልኩም፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። ደስታ ነው።

ከፍሎሪዳ የመጣችውን ሴት ለማየት 12 ሰዓት ተኩል እስኪሆን ጠበቅን። ሰባት ደቂቃ ሲቀራት ገባች። ዘለበቷን አገኘች።

እሁድ

ጠዋት ደረጃ መውረድ አልቻልኩም። ባለቤቴ በክንዴ ይዞ አወረደኝ። የምግብ ፍላጎቴ ግን ተመልሶ ነበር፤ ሁለት ቁርስ በላሁ። ወንድሜ ዘለበቱን እያገላበጠ ያያል። ክብደቱ አስገርሞታል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ስለሚቀጥለው ዓመት አወራን። ዳገት ላይ ሳይክል መግፋትን ክረምቱን መለማመድ እፈልጋለሁ። ሳይክል የሚገፋ ሰው የሚጠቀመው ጡንቻ ሌላ ነው፤ ዛሬ ያመመኝ ጭኔ ሳይሆን ጀርባዬና ባቴ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከባድ ቦርሳ ተሸክሞ ኮረብታ መውጣት ያስፈልጋል። ሌላው ቁልቁለት ነው። ፓወርላይንን በደህና ወረድኩ፣ ግን እዚያ ላይ ብዙ ደቂቃ አለ፤ ሚያዝያ ላይ ለዚያ ብቻ የሚሆን ቀን እመድባለሁ። ንዝረት የሚውጠው የኋላው ሾክ ደግሞ ከዝናቡ በኋላ ድምፅ ማሰማት ጀምሯል። ወንድሜ ማክሰኞ እፈታዋለሁ ብሏል።

ለመስከረም መጨረሻ አንድ አጭር ውድድር ተመዝግቤያለሁ። ቦታው ዝቅ ያለ ነው፣ አየሩ ሙሉ ነው። እስከዚያ ሁለት ሳምንት እግሬን አሳርፋለሁ።